ቀንና ሌሊትን ለ43 የኬጂ ልጆች በጨዋታ ማስተማር፣ ሞክራችሁ የሰራላችሁ አለ?

የቱሉዲምቷ ሚስ

ሰላም ሰላም ለሁላችሁም። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኬጂ 2 ነው ማስተምረው፣ ክፍሌ ውስጥ 43 ልጆች አሉኝ፣ አምስትና ስድስት አመት የሞላቸው። ጥያቄዬ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

የሰሞኑ ርእሳችን ቀንና ሌሊት፣ ብርሃንና ጥላ ነው። ትምህርት ቤቱ በቅርቡ ትልቅ ስማርት ቲቪ ግድግዳችን ላይ ሰቀለልን፣ እኔም ደስ ብሎኝ ከዩቲዩብ ያወረድኩትን የመሬትና የፀሀይ ካርቱን በፍላሽ አምጥቼ ከፈትኩላቸው። ፀጥ ብለው አዩ። ሲያልቅ "እሺ ልጆች፣ ማታ ማታ ፀሀይ የት ነው ምትሄደው?" ብዬ ጠየኳቸው። አንዷ "ቤቷ ገብታ ትተኛለች" አለች፣ አንዱ "ተራራው ይውጣታል" አለ፣ ከኋላ የተቀመጠው ደሞ ቲቪውን በጣቱ እያሳየኝ "እዛ ውስጥ" አለኝ። ይቺ የመጨረሻዋ መልስ ስታብሰለስለኝ አደረች።

በነጋታው መብራት ጠፋ። ምንም ማሳየት ስላልቻልኩ ግቢ አውጥቼ አኩኩሉ አጫወትኳቸው። "አኩኩሉ!" "አልነጋም!" እየተባባሉ ሲሮጡ አንዱ መሀል ላይ ቆም አለና "ሚስ፣ ግን ማነው የሚያነጋው?" አለኝ። በቃ እዛው ደርቄ ቀረሁ። ያ ሁሉ ካርቱን ያላስጠየቀውን ጥያቄ አኩኩሉ አስጠየቀው። እኔ ግን መልሱን በምን ጨዋታ እንደማሳየው አላወኩም፣ "ነገ እንማራለን" ብዬ አለፍኩት፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ያለኝ ነገር ይሄ ነው፦ ጠባብ ግቢ፣ ግማሹ ኮብልስቶን ግማሹ አፈር፣ ፀሀይ ግን በደንብ ያገኛል። ጠመኔ። አንድ ታብሌት። የራሴ ስልክ። ትንፋሹ የወጣ የእግር ኳስ። ወላጆች ደሞ "ደብተሩ ላይ ምንም አልተፃፈም፣ ጫማው ብቻ ቆሽሾ መጣ" ይሉኛል፣ እነሱም እውነት አላቸው ከፍለው ነው ሚያስተምሩት። እባካችሁ በእጃችሁ ሰርታችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ።

---

ፊዚክስ 9ና10

እህቴ ያ "ማነው የሚያነጋው" ያለው ልጅ ይባረክ፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ማስተምራቸው ልጆች እንኳን እንደዚ አድርገው አይጠይቁኝም። እና ምክሬ አጭር ነው፣ አታብራሪለት አሽከርክሪው።

አንዷን ልጅ ፀሀይ አድርጊያትና መሀል ላይ አቁሚያት፣ ቢጫ ነገር አልብሻት ወይ የስልክሽን ባትሪ ከፍተሽ ስጫት። ሌሎቹ ዙሪያዋን ይቁሙ። እያንዳንዱ ልጅ ራሱ መሬት ነው፣ አፍንጫው ደሞ አዲስ አበባ ናት በያቸው (በጣም ነው ሚወዱት)። ከዛ ሁሉም ባሉበት ቦታ ላይ ወደ ግራቸው ቀስ ብለው ይዙሩ። ወደ ግራ የግድ ነው፣ መሬት ምትዞረው ከምእራብ ወደ ምስራቅ ስለሆነ የልጁ ግራ እጅ ምስራቅ ይሆናል። ፀሀይቷ በግራ አይናቸው ጥግ መጀመሪያ ብቅ ስትል "ነጋ!" ብለው ይጩሁ፣ ፊት ለፊታቸው ስትሆን "ስድስት ሰአት!"፣ በቀኝ አይናቸው ጥግ ስትጠፋ "መሸ!"፣ ጀርባቸውን ሲሰጧት አይናቸውን ጨፍነው ያንኮራፉ። ሁለት ሶስት ዙር ከሄዱ በኋላ "ፀሀይቷ ተንቀሳቀሰች እንዴ?" ብለሽ ጠይቂያቸውና ዝም በይ። መሀል የቆመችው ልጅ ራሷ ናት "እኔ አልተንቀሳቀስኩም!" ብላ ምትጮኸው።

ደሞ የኛ ሰአት ለዚህ ጨዋታ እንዴት እንደሚመች እዪ። ቀናችን አመቱን ሙሉ ከ12 ሰአት ብዙም ስለማይርቅ ጠዋት 12 ላይ ግራ አይን ጥግ፣ 6 ሰአት አፍንጫ ፊት፣ ማታ 12 ቀኝ አይን ጥግ ነው። ልጁ ሰአትንም በሰውነቱ ይማረዋል።

ሁለተኛው ጥላ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልርዘም ምክንያቱም በጣም የምወደው ነገር ነው። ግቢው አፈር ላይ አንድ ሜትር የሚሆን ዱላ ቀጥ አድርገሽ ትከይ፣ ከወላጆች ግንበኛ ካለ ቱንቢ ያውሳችሁና ቀጥ ማለቱን ልጆቹ ራሳቸው ይዩት። ጠዋት፣ እረፍት ሰአት፣ ምሳ ሰአት ላይ የጥላው ጫፍ ጋ ጠጠር ያስቀምጡ። ግን ጠጠሩን ከማስቀመጣቸው በፊት "ቀጥሎ የት ይደርሳል?" ብለሽ ልጆቹ የገመቱት ቦታ ላይ ሄደው ይቁሙ። መገመቱን እንዳትተዪው፣ ሳይንሱ ያለው እዛ ላይ ነው።

አሁን መጋቢት መጨረሻ ላይ ነን አይደል፣ እድለኛ ነሽ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሀይ በአመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች፣ አንዱ ሚያዝያ 5 አካባቢ ነው፣ ሁለተኛው ነሐሴ 23 ወይ 24 ገደማ ግን ያኔ ክረምት ነው ደመናው አያሳይም ልጆቹም እረፍት ላይ ናቸው። ሚያዝያ 5 ላይ ከቀኑ 6 ሰአት ከ25 አካባቢ የዱላው ጥላ ይጠፋል። ይጠፋል ስልሽ ዱላው ስር ይገባል ማለቴ ነው፣ የልጆቹም ጥላ ጫማቸው ስር ይሰበሰባል። ከዛ በፊት የስድስት ሰአቱ ጥላ ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ በኩል ነው ሚወድቀው፣ ከዛ በኋላ ዞሮ ወደ ደቡብ ይሆናል፣ እስከ ነሐሴ ማለቂያ። ታህሳስ 12 ላይ የአንድ ሜትር ዱላ የቀትር ጥላ 63 ሳንቲ ሆኖ ወደ ሰሜን ነው፣ ሰኔ 14 ላይ ደሞ 26 ሳንቲ ሆኖ ወደ ደቡብ። አውሮፓ ያሉ ልጆች ይሄን በአገራቸው አያዩትም፣ እነሱ ጋ የቀትር ፀሀይ ሁሌም በደቡብ በኩል ናት፣ ከነሱ አገር የወረደው ካርቱንም እንደዛ አድርጎ ነው ሚስለው። ይሄ የኛ ልጆች ሀብት ነው እና ግቢያቸው ውስጥ እያለ ሳያዩት እንዳያድጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ ፀሀይዋን ቀና ብሎ ማየት የለም፣ በመነጽርም በስልክም። ጥላውን ነው ምናየው። ይሄን ህግ ጨዋታው ሳይጀመር በዜማ አስብያቸው።

---

የመንታ እናት (ለገጣፎ)

ሚስ በመጀመሪያ ለልጆች እንደዚ ማሰብሽ እግዚአብሄር ይስጥሽ። ግን እንደ ወላጅ የሚያሳስበኝን ልናገር። የኔ መንታዎች ዘንድሮ ኬጂ ጨርሰው አንደኛ ክፍል ይገባሉ፣ ልናስመዘግባቸው የጠየቅንበት ትምህርት ቤት ማንበብና መፃፍ ይፈትናል፣ ጥላ ለክተሃል ወይ ብሎ ሚጠይቀው የለም። እኔ ጫማው ስለቆሸሸ አይደለም ምጨነቀው፣ ልጄ ወደኋላ እንዳይቀር ነው። ሌላው ደሞ ታብሌት ምናምን ሲባል ልቤ ይፈራል፣ ቤት ውስጥ ስልክ ከእጃቸው ማስጣል ጦርነት ሆኖብኛል፣ ትምህርት ቤትም ስክሪን ከሆነ የት ልንደርስ ነው?

በሌላ በኩል አንደኛው ልጄ መቀመጥ አይችልም። ደብተሩ ላይ ሁልጊዜ "ይረብሻል" ተብሎ ተፅፎ ነው ሚመጣው፣ ሳነበው ያመኛል። ከላይ የተፃፈውን ሳነብ እሱ ትዝ አለኝ። መዞሩ ራሱ ትምህርት ከሆነ ምናልባት እሱም የሚመሰገንበት ቀን ይኖር ይሆን ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ንገሩኝ፣ በዚህ አይነት ተምሮ ፊደሉም ላይ ይጎብዛል?

---

ጡረተኛው መምህር

ልጄ የቱሉዲምቷ፣ ልጄ የመንታዎቹ እናት፣ ሁለታችሁንም በጥሞና ነው ያነበብኳችሁ። እኔ ከታችኛው ክፍል ሳልወጣ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ እና ጨዋታውንና ፅህፈቱን አታጣሏቸው እላለሁ። ልጁ ጥላውን ለክቶ ሲመለስ ትኩስ ወሬ ይዞ ነው ሚመጣው። በዛች ደቂቃ ደብተሩን ስጪው፣ ዱላውን ይሳል፣ ጥላውን ይሳል፣ ከስሩ "ጥላ" ብሎ ይፃፍ፣ ስንት ስንዝር እንደሆነ በቁጥር ያስቀምጥ። "ጥ" የምትባለውን ፊደል ሃያ ጊዜ ከሚገለብጣት ይልቅ የራሱን ጥላ ስም ለመፃፍ አንዴ ሲታገል ይበልጥ ይይዛታል፣ ይህን በአይኔ አይቼዋለሁ። ለወላጅም ማታ ደብተሩ ላይ የሚያየው ነገር ይኖራል።

ኬጂ (ኪንደርጋርተን) የምንለው ቃል ራሱ ከጀርመን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የልጆች የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ፍሮብል የሚባለው ሰው በ1837 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የመጀመሪያውን ሲከፍት ልጆቹ በእንጨት ኳስና ኪዩብ እየተጫወቱ፣ እየዘፈኑ፣ አትክልት እየተከሉ ነበር የሚውሉት። ስለዚህ ግቢ መውጣት ከኬጂ ትምህርት መጉደል አይደለም።

ከብርሃን ቀጥሎ ድምፅን ከደረሳችሁ ይቺን ሞክሪ። ከበሮ ፈልጊ፣ ቆዳው ላይ ጥቂት የጤፍ ፍሬ በትኚ፣ ከዛ ጎኑ ላይ ሌላ ከበሮ ወይም ድስት ጠጋ አድርገሽ ምቺ። ጤፉ ሳይነካ ይዘላል። ልጆቹ "ማን ነካው?" ይላሉ። ያን ጊዜ አንድ ረድፍ አሰልፊያቸው፣ እጃቸውን ከፊት ያለው ትከሻ ላይ ያድርጉ፣ የመጨረሻውን ቀስ አድርገሽ ግፊው፣ ግፊቱ ከልጅ ወደ ልጅ እየሄደ ፊተኛው ጋ ይደርሳል፣ ልጆቹ ግን ሁሉም ቦታቸው ላይ ናቸው። አየሩም እንደዚህ ነው ድምፁን ያደረሰው። ከዛ ጉሮሯቸውን ይዘው "አአአ" ይበሉ፣ መንቀጥቀጡን በጣታቸው ያገኙታል።

የመንታዎቹ እናት፣ ያ ልጅሽ ረባሽ አይደለም። የአምስት አመት ልጅ ሙሉ ቀን ተቀመጥ ሲባል ሰውነቱ እምቢ ይላል፣ ጤነኛ ስለሆነ ነው።

---

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም

የሁለት ሴት ልጆች አባት ነኝ ስራዬ ሶፍትዌር ነው፣ ከላይ የተባለው ሁሉ ደስ ብሎኛል። ጋሼ ጡረተኛው የፃፉትን የከበሮ ነገር ዛሬ ማታ እንሞክረዋለን።

ስለ ቴክኖሎጂው እኔ ቤት ውስጥ ቀስ በቀስ የደረስኩበትን ልንገርሽ ሚስ። ልጅ እጁን አጣጥፎ ሚያየው ስክሪንና ራሱ የሰራውን ነገር ሚያይበት ስክሪን አንድ አይደሉም። የአለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 አመት ላሉ ልጆች ቁጭ ተብሎ የሚታይ ስክሪን በቀን ከ1 ሰአት አይብለጥ ነው ሚለው፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል፣ ለ3ና ለ4 አመት ልጆች ደሞ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ። ያንቺዎቹ በአንድ ሁለት አመት ይበልጣሉ ግን ሀሳቡ ያው ነው፣ የመንታ እናት የፈራሽው ትክክል ነው። ስለዚ ስልኩ መሳሪያ ይሁን፣ እንደ አጉሊ መነጽር።

ለምሳሌ የስልክሽ የፊት ካሜራ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ በጣትሽ ጫፍ አስቀምጪ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋድመሽ፣ ካሜራውን ክፈቺና የጤፍ ፍሬ ወይ የዝንብ ክንፍ ከጠብታው በላይ ቀረብ አድርገሽ ያዢ። ጠብታው ሌንስ ሆኖ ያጎላዋል። ያንን ቪዲዮ ቀርፀሽ በፍላሽ ቲቪው ላይ ክፈቺው፣ 43ቱም አንድ ላይ ያያሉ፣ ጤፏንም ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ግን በፊት ጤፉን በባዶ አይናቸው አይተው ምን እንደሚመስል ይሳሉ፣ ከዛ ነው ትልቁን ማየት።

ደሞ ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ አድርጋችሁ በየቀኑ ጠዋት ከአንድ ቦታ ላይ አንድ ፎቶ አንሱ። በሁለት ሳምንት ፎቶዎቹን ፈጠን ፈጠን አድርገሽ ስታገላብጪ ባቄላው ሲነሳ ያዩታል። ልጆቹ ደሞ ወለል ላይ ተጠቅልለው ተኝተው መጀመሪያ ስር (እግራቸውን ወደታች ዘርግተው)፣ ቀጥሎ ግንድ፣ ቀጥሎ ቅጠል እየሆኑ ይነሱ። የኔ ትንሿ ልጅ ስሩ ቀድሞ እንደሚወጣ ካየች በኋላ "እግሩን ነው መጀመሪያ ያወጣው" ትላለች።

ታብሌቱ ላይ ደሞ ስክራች ጁኒየር የሚባለውን የልጆች ኮዲንግ መተግበሪያ ጫኚበት፣ ነፃ ነው፣ ከ5 እስከ 7 አመት ላሉ ልጆች የተሰራ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፣ ፅሁፍ ማንበብ አይጠይቅም በስእል ነው። ግን እኔ ቸኩዬ ለትልቋ ልጄ ቀጥታ ሰጥቻት ምንም አልገባትም ነበር፣ ዝም ብላ ስትነካካ ዋለች። ከዛ ብሎካችን ስር በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ አሰምረን እሷ አዛዥ እኔ ሮቦት ሆንኩ፣ "ሁለት ወደፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር፣ አንድ ዝለል" እያለች ግድግዳ ጋ አጋጨችኝ፣ ከዛ ትእዛዙን አስተካከለች። ታብሌቱ ላይ ስንመለስ ወዲያው ገባት። በቃ መጀመሪያ እግር ከዛ ጣት።

---

የቱሉዲምቷ ሚስ

ይቅርታ ዘገየሁ፣ ሞክሬ ሳልጨርስ መመለስ አልፈለኩም።

የመጀመሪያ ቀን መዞሩ አልሆነም፣ 43ቱን በአንዴ አዞርኳቸው፣ ፈጥነው ዞሩ፣ ራሳቸውን አዞራቸው፣ ተጋጩ፣ አንዷ ጉልበቷ ተላጠ። በሁለተኛው ቀን ሶስት ቡድን አስራ አንድ አስራ አንድ፣ አንዱን ቡድን አስር አድርጌ ከፈልኳቸው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በጠመኔ ክብ ሰራሁለት፣ ከክቡ ሳይወጣ ነው ሚዞረው። አንዱ ቡድን ሲዞር ሌላው እያጨበጨበ ፍጥነቱን ይይዝላቸዋል፣ ጭብጨባው ነው ያዳነኝ። "ነጋ!" ሲሉ ጎረቤት ያሉ እናቶች በአጥሩ አጮልቀው ያዩ ነበር።

"ማነው የሚያነጋው" ያለውን ልጅ ፀሀይ አደረኩት። ዝም ብሎ ቆሞ ሲያያቸው ቆየና "ሚስ፣ እኔ እኮ አላነጋሁም፣ እነሱ ናቸው ዞረው የመጡት" አለኝ። እንባዬ መጣ።

ጥላውን ከመጋቢት 29 ጀምሮ መለካት ጀመርን። የአንዱ ልጅ አባት ግንበኛ ናቸው፣ ቱንቢያቸውን ይዘው መጥተው ዱላውን ራሳቸው ተከሉልን፣ ልጃቸው የዛን ቀን የነበረውን ኩራት ብታዩት። ሚያዝያ 4 ደመና ነበር ምንም አላየንም። ሚያዝያ 5 ግን ጠራ፣ ምሳቸውን ቶሎ አስበልቼ 6 ሰአት ከ20 ላይ አወጣኋቸው። ጥላው እየጠበበ እየጠበበ ዱላው ስር ገባ፣ ልጆቹ ፀጥ አሉ፣ ይሄኛው ፀጥታ ግን ከካርቱኑ ፀጥታ ሌላ ነው። ከዛ አንዷ እግሯን አንስታ ጫማዋ ስር ማየት ጀመረች፣ ሁሉም እየዘለሉ ጥላቸውን ፍለጋ ገቡ፣ ሲዘሉ ጥላው ከስራቸው ብቅ ይላል ሲወርዱ ይጠፋል። ይሄን ደሞ ማንም አላስተማራቸውም። በስልኬ ስሎው ሞሽን ቀርጬ ከሰአት ቲቪው ላይ ከፈትኩላቸው፣ ያ "እዛ ውስጥ" ያለኝ ልጅ ተነስቶ "ያ እኔ ነኝ! ፀሀይዋ እኮ ውጪ ናት!" አለ።

ጋሼ ጡረተኛው፣ ያሉትን ደብተሩ ላይ አድርጌዋለሁ። አንዲት እናት ማታ ደውላ "ልጄ ወጥ ቤት አቁማኝ ወደ ግራ ዙሪ እያለችኝ ነው ምንድነው ነገሩ" አለችኝ። ስለ ጫማ ያነሳ ወላጅ እስካሁን አንድ ብቻ ነው። ዳይሬክተሯ ግን ከፕሮግራሙ ወደኋላ ቀርተሻል ብላኛለች፣ እውነት ነው በአራት ቀን ሚያልቀው ርእስ ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ፣ እሱን እንዴት እንደማካክሰው እያሰብኩ ነው።

አሁን አዲስ ጥያቄ መጥቶብኛል፦ "ፀሀይ ከመሬት ትበልጣለች? ስለዚ ለምን ትንሽ ሆነች?"

---

የመንታ እናት (ለገጣፎ)

ሚስ ሳነበው እኔም አለቀስኩ። ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ መጥረጊያ እንጨት ተክለን ከመንታዎቹ ጋር ለካን። ያ የማይቀመጠው ልጄ በየግማሽ ሰአቱ እየወጣ ጠጠር አስቀመጠ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ከሰአት 10 ሰአት ድረስ። ወንድሙ ሰልችቶት ገባ እሱ ግን አልገባም። ከዛ "ጥላ" የሚለውን እንዴት ነው ሚፃፈው ብሎ ራሱ ጠየቀኝ። ስለ ፈተናው አሁንም እጨነቃለሁ ግን ይሄን ልፅፍልሽ ፈለኩ።

---

ፊዚክስ 9ና10

ሚስ በርቺ። ለአዲሱ ጥያቄ ያቺ ያልሽው ኳስ ትጠቅምሻለች። ፀሀይ የእግር ኳስ ብታክል መሬት 2 ሚሊ ሜትር ነው ምትሆነው፣ አንድ የጎመን ዘር በያት፣ ጨረቃ ደሞ ከጤፍም ታንሳለች። ልጆቹ መጀመሪያ ኳሱንና ዘሩን አጠገብ ለአጠገብ ይዩ። ከዛ "የት ላስቀምጣት?" ብለሽ ዘሯን ለአንዱ ስጪው፣ ሁሉም ሁለት ሶስት እርምጃ ላይ ነው ሚቆሙት። ትክክለኛው ርቀት 24 ሜትር ገደማ ነው። ጨረቃ ከጎመን ዘሯ 6 ሳንቲ ላይ ናት፣ ሶስት ወይ አራት ጣት። እዛ 24 ሜትር ላይ ሆነው ወደ ኳሱ ሲያዩ ኳሱ ትንሽ ሆኖ ይታያቸዋል፣ ልክ ሰማይ ላይ እንደምናየው ፀሀይ ስፋቱ። ለምን ትንሽ ሆነች ላለሽ ልጅ መልሱ እዛ ጋ ቆሞ ማየት ነው።

ብርሃን ከፀሀይ እኛ ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚህ ኳስ ልክ ከሆነ በሰከንድ 5 ሳንቲ አካባቢ ነው ሚሄደው፣ የጉንዳን ርምጃ። ሰልፍ ሰርተው እንደ ጉንዳን ቀስ ብለው ከኳሱ ወደ ዘሩ ይሂዱ፣ ትእግስታቸው ካልበቃ ግማሽ መንገድ ላይ ይቁም ችግር የለውም።

---

የቱሉዲምቷ ሚስ

ግቢያችን ከዳር እስከ ዳር 15 ሜትርም አይሞላ፣ ከጥበቃው ጋር ተነጋግሬ በሩን ከፍተን ኳሱን ውስጥ ዘሩን ከበር ውጪ ኮብልስቶኑ ላይ እናደርጋለን። ባጃጅ ስለሚያልፍ ሁለት ረዳት አቆማለሁ። የጎመን ዘር ነገ ጠዋት ከጉልት እገዛለሁ፣ ኳሷን ግን ዛሬውኑ ጎሚስታ ቤት ወስጄ ማስነፋት አለብኝ።